የክፍሉ ጸጥታ

እኔ ቂመኛ ነኝ። ሰው «ለራስሽ ብለሽ ይቅር በይው» ሲለኝ ይባስ ያንገበግበኛል። ለራሴ ብዬ ነዋ ያልተውኩት።

ቴሌቪዥን ጣቢያው በሰልጣኝነት ሲቀበለኝ ካሜራ በየት በኩል እንደሚያዝ እንኳ አላውቅም ነበር። ያስተማረን ሰውዬ ሽቶ ይባላል። ስሙ አይደለም፤ ከሱ ቀድሞ ሽቶው ስለሚገባ እኛ ሰልጣኞቹ ያወጣንለት ነው። ማስተማሩንስ ይችልበታል፣ አልዋሽም። «ቀርጻችሁ ስትጨርሱ፣ ዕቃ ከመሰብሰባችሁ በፊት፣ የክፍሉን ጸጥታ አንድ ደቂቃ ቅረጹ» ይለን ነበር። «ማንም አይናገር። ባዶ ክፍልም የራሱ ድምፅ አለው፤ ያንን ከሥር ስታነጥፉት የተቆራረጠው ንግግር አንድ ይሆናል።» ሁሌ የሚያስከትላት ነገርም ነበረችው፦ «እስከ መጨረሻው ያልሰማችሁትን ድምፅ እንዳታስገቡ።»

የመጀመሪያ ፊልሜን የሠራሁት ባሳደገችኝ አክስቴ ላይ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። ያኔ ዓይኗ እየደከመ፣ የመርፌውን ቀዳዳ በምላሷ ጫፍ እየፈለገች ነበር ክር የምታስገባው። ሦስት ወር ሙሉ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ተጎልቼ ቀረጽኳት። «ምንድነው እንዲህ ማፍጠጥ፣ ልታገቢኝ ነው?» ትለኝ ነበር።

ስጨርስ ለሽቶ እንዲያይልኝ ሰጠሁት። «ገና ጥሬ ነው፣ ላስተካክልልሽ» አለኝ። በወሩ ፊልሙ ሲተላለፍ አክስቴ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ነበር። መጨረሻ ላይ ጽሑፉ መውጣት ሲጀምር እጄን ያዘችኝ። ዓይኗ ፊደል መለየት ካቆመ ቆይቷል። «ስምሽን አንብቢልኝ» አለችኝ።

ዝግጅት፣ ሽቶ። ቀረጻ፣ ሽቶ። ቅንብር፣ ሽቶ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ። እኔ ምስጋናው ውስጥ እንኳ የለሁም።

«ዝግጅትና ቀረጻ» ብዬ የራሴን ስም አነበብኩላት። ማንበብ የሚችሉት ጎረቤቶች አቀረቀሩ።

ብጮህስ ማን ይሰማኛል? እሱ አለቃ፣ እኔ ሰልጣኝ። ጥርሴን ነክሼ ገመድ ጠቀለልኩ፣ መብራት ተሸከምኩ፣ ምስል መቁረጥ ተማርኩ። በአራተኛው ዓመት የጠዋቱን የቀጥታ ስርጭት ከመቆጣጠሪያ ክፍል ሆኜ የምመራው እኔ ሆንኩ። የትኛው ካሜራ ይታይ የምለው እኔ፣ በአቅራቢዋ ጆሮ የማወራው እኔ።

አንድ ቀን የእንግዶች ዝርዝር ሲመጣልኝ ሽቶ አለበት። ፊልሙ ተሸልሞ ኖሯል። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል እንጂ እሱንስ አድምቆት ነበር።

ጆሮ ከምንለው የድምፅ ባለሙያችን ጋር ቁጭ ብለን ፊልሙን በማዳመጫ ሰማነው። ሽቶ የኔን የጸጥታ ቅጂ እንዳለ ከመጨረሻው ትዕይንት ሥር አንጥፎታል። እስከ መጨረሻው አልሰማውም። ስንቱን ያስተማረ ሰው ጸጥታ ቁጭ ብሎ አያዳምጥም። ጆሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰማና ዞሮ አየኝ። «አይ ጉድ» አለ።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ፕሮግራሙ የሚዘጋው በዚያ ትዕይንትና በማብቂያው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን በስሜ እንደገና ጻፍኩት። ሰዓቱ ሲሞላ ማሽኑ ራሱ ወደ ዜና ስለሚቀይር፣ ለጽሑፉ አንድ ደቂቃ ቆጥቤ ያዝኩለት።

«ነገ ጠዋት ቴሌቪዥኑ ጋ ሁኚ፣ ስሜ ይወጣል» አልኳት አክስቴን። ያኔ ዓይኗ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር።

«ዳግመኛ?» አለች። «ይሁን፣ ስትመጪ ታነቢልኛለሽ።»

በማግስቱ ሽቶ ስቱዲዮ ውስጥ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። በአቅራቢዋ ጆሮ «ሲቀርጹ አብሯቸው ማን እንደነበር ጠይቂያቸው» አልኩ። ጠየቀችው።

«ማንም» አለ። «ሦስት ወር፣ እኔና ልብስ ሰፊዋ እናት ብቻ።»

«ጆሮ፣ ድምፁን ክፈተው» አልኩ።

የአክስቴ እጅ ታየ፤ መርፌው፣ ክሩ። ከዚያ ከጸጥታው መሀል ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ፦ «አንቺ ልጅ፣ መተንፈስ ይፈቀዳል?» ቀጥሎ የኔ ሳቅ፦ «አክስቴ፣ አበላሸሽው እኮ።»

ቀጥሎ ጽሑፉን መልቀቅ ነበረብኝ። ለሦስት ሰከንድ ብቻ ፊቱን ላሳይ አልኩና «ካሜራ ሁለት» አልኩ።

ክው ብሏል። አቅራቢዋ፣ እኔ ሳልነግራት፣ «ይቺ አክስቴ የምትለው ልጅ ማን ናት?» ብላ ጠየቀችው። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው።

«ሃምሳ ሰከንድ ቀረሽ፣ ጽሑፉን ልቀቂ» አለኝ ጆሮ።

«ቆይ።»

ላቡ ከግንባሩ ወርዶ ቅንድቡ ላይ ቆመ። ስቱዲዮው ጭጭ። እሱ ያስተማረኝ ጸጥታ።

«ሠላሳ። ልቀቂው እንጂ።»

እጄ ቁልፉ ላይ ነው። አልጫንኩትም። አራት ዓመት የጠበቅኩትን ፊት እንዴት ብዬ ልልቀቀው? አልጠገብኩትም። ሽቶ ዓይኑን አንስቶ ካሜራውን አየ፤ ከኋላው ማን እንዳለ ገብቶታል። ያኔ ማሽኑ ወደ ዜና ቀየረው።

ከሰዓት ሳይሆን የእገዳ ደብዳቤዬ ተጻፈ። ጆሮ ዕቃዬን እስከ በር ተሸክሞልኝ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለኝ።

አክስቴ ቴሌቪዥኑ አጠገብ እንደተቀመጠች ደረስኩ።

«ሳቅሽን ሰማሁት» አለችኝ። «ስምሽስ ወጣ?»

አሁንስ መዋሸት አቃተኝ። «አልወጣም። ደቂቃዋን በሱ ፊት ጨረስኳት።»

«ያኔም አልወጣም» አለች። «ስታነቢልኝ እጅሽ በረዶ ሆኖ ነበር።»

ስድቤን ጠበቅኩ። እሷ ግን እጄን ፈልጋ ያዘችና ወደ ራሷ ሳበችኝ።

«በይ እንግዲያው» አለችኝ፣ «ፊቱን አንብቢልኝ። ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሪ። አንዷንም እንዳትዘልዪ።»