ስኳር የጎደለው ስጋ

ዘቢደር ሊማሊሞ ሥር በነበረው የመንገድ ሠሪዎች ካምፕ ምግብ አብሳይ ነበረች። ቻይናዊው ኢንጂነር ዋንግ በሩብ ሰዓት የሚደርስ የአገሩን ምግብ አስተምሯታል፤ የተፈጨ ስጋ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሶያ ሶስ፣ በመጨረሻም ስኳር። ስኳሩ ያንገሸግሻት ነበር። ስኳር ለሻይ ነው እንጂ ለስጋ ምኑ ነው? ስታስቀርበት ግን አንዴ ጎርሶ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ «ዘቢደር፣ ስኳር የለም» ይላታል።

ሰኔ ላይ ከነመኪናው ገደል ገብቶ ሞተ። ካምፑም ተነሳ፤ እሷም ደባርቅ ቤቷ ገባች።

ሐምሌ አጋማሽ፣ ጉም ደጁን በሸፈነበት አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ያንኑ ምግብ ለራሷ ሠራች። ስኳሩን ተወችው።

«አሁንማ ማን ይነዘንዘኛል» አለች፣ ሩዝ ላይ እየገለበጠችው።

ገና አንድ ማንኪያ እንደጎረሰች የቦት ጫማ ኮቴ መጥቶ ደጃፏ ላይ ቆመ። ጎረቤቷ ገዱ መስሏት፣ ቀና ሳትል፣ እንደ ልማዷ «እንብላ» አለች። ከዚያም ዞር ብላ አየች። በሩ ላይ ከጉም በቀር ማንም የለም። ወለሉ ላይ ግን የጭቃ ዱካ ከደፉ ተነስቶ እስከ ባዶው በርጩማ ድረስ ገብቷል። የወጣ ዱካ የለም።

ብትፈራም፣ እንብላ ያለችውን እንግዳ ሂድ ማለት አልሆነላትም። በሌላ ሳህን ቀንሳ ከማንኪያ ጋር በርጩማው ፊት አኖረችለት። ማንኪያው ሳህኑን ቀስ ብሎ ነካ አደረገው።

«ዘቢደር፣ ስኳር የለም።»