ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ

አባፎጊ ቤት ዘጠኝ ሰው ያድራል። ሱቃቸው ደግሞ ዝናብ በመጣ ቁጥር የመንገደኛ መጠለያ ነው፤ ቴፒ ላይ ዝናብ የማይመጣበትን ቀን ደግሞ እስካሁን ያወቀ የለም። ስለዚህ ልጃቸው ላምያ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ለእንግሊዝኛ ፈተና "ሎንሊ" የሚል ቃል ስታጠና ሰምተው ትርጉሙን ጠይቀዋት፣ ብቸኛ ማለት ነው ስትላቸው፣ እንዲህ ላለ ቃል ዓይን ማፍዘዝ ምን ይሉታል አሏት።

ላምያ ግን ነገሩን አብራራች። አጠገቡ ሰው የሌለው "አሎን" ይባላል። "ሎንሊ" ሌላ ነው፤ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶም ቢሆን፣ የሚፈልገው ሰው ስለሌለ ሆድ የሚብሰው ሰው ነው።

ፈረንጅ ሥራ ሲፈታ ቃል ይፈጥራል አሉና አባፎጊ ስኳር መመዘናቸውን ቀጠሉ። ዓይናቸው ግን ሳያስቡት መንገዱን ተሻገረ። ማዶ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሳህሉ የስፌት መኪናቸው ላይ አቀርቅረዋል። ሁለቱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ሱቅ በረንዳ፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝናብ ሲያሙ ኖረዋል። ከተኳረፉ ሰባት ወራቸው ነው።

ያኳረፋቸው ጃንጥላ ነው። አባፎጊ የጋሽ ሳህሉን ጃንጥላ ተውሰው ሚዛን ከተማ ሄዱና ሚኒባስ ውስጥ ረስተውት መጡ። ይህስ ባልከፋ። እሳቸው ግን ይቅርታ በማለት ፈንታ "ድሮም አሮጌ ነበር" አሉ። ጋሽ ሳህሉ ደግሞ ያንን ጃንጥላ በገዛ እጃቸው አራት ጊዜ ጥፈውታል። አባፎጊ በማግስቱ አዲስ ገዙ፤ ተሻግሮ መስጠቱ ግን ሞት ሆነባቸው፤ ጃንጥላውም እንደታሸገ መደርደሪያ ላይ ቀረ።

ስኳሩን ሰጥተው ሲያበቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ አለ እንበል። ቤቱ ዘጠኝ ሰው አለ። ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ግን ቀና ብሎ አያየውም። ይሄ ነጋዴ ምን ይባላል?"

ላምያ አባቷን ትንሽ አየቻቸውና "ሎንሊ" አለች።

እሳቸውም ለምሳሌ እንደሆነ ሁለት ጊዜ አስታወሷት። ምሳሌው ስላማራት ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ችግሩ፣ ምሳሌው መምህሯንም አማረው። በማግስቱ ክፍሉ ፊት አቁሞ አስነበባት። ክፍሉ ውስጥ የጋሽ ሳህሉ ልጅ ሰሎሜም ነበረች፤ ማዶው ልብስ ሰፊ ያለበት ነጋዴ ማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ዲግሪ አያስፈልግም። ላምያ መጥታ ይህን ስትነግራቸው አባፎጊን ላብ አጠመቃቸው። ሰሎሜ ስቃ እንደሆነ ጠየቁ። አልሳቀችም፣ ብቻ ጻፈችው አለች።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ ጋሽ ሳህሉ ከመኪናቸው ብድግ አሉ። መንገዱን ያለጃንጥላ ተሻገሩ፤ ሌላ አልገዙም ነበር። ሱቁ በረንዳ ላይ ሲደርሱ ኮታቸው ውሃ ያንጠባጥባል። የተጠለለው ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። አባፎጊ አለቀልኝ፣ በሰው ፊት መሰደቤ ነው ብለው ባንኮኒውን ጨበጡ።

"ሰሎሜ አነበበችልኝ" አሉ ጋሽ ሳህሉ። "ምሳሌህ ጎደሎ ነው።"

"ምኑ ነው የጎደለው?"

"ነጋዴው እንዲህ ሆነ፣ ነጋዴው እንዲያ ሆነ ይላል። ልብስ ሰፊውስ? እሱ ድንጋይ ነው?"

አባፎጊ ደስ አላቸው፣ አፈሩም። ዞር ብለው ጃንጥላውን ከመደርደሪያው አወረዱ፤ የሰባት ወሩን አቧራ በመዳፋቸው ጠረጉለት።

"ያን ቀን ክፉ ተናገርኩህ" አሉ።

ጋሽ ሳህሉ ፕላስቲኩን ቀደው ጃንጥላውን ዘረጉት። ጠርዙን በጣታቸው እየዳሰሱ ስፌቱ እንደማይረባ፣ አንድ ክረምት እንኳ እንደማይዘልቅ አስታወቁ። ከዚያ በረንዳው ላይ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ በድሮ ቦታቸው ተቀመጡና መርፌና ክር እንዲያመጡላቸው አዘዙ።