ኦርቪል ከምድር ቤት የወጣበት እሑድ

ኦርቪል የጋብቻውን አርባኛ ዓመት ባከበረ ማግስት ከመኝታ ቤቱ ተባረረ። ያስቀጣው የሠራው ሳይሆን የተናገረው ነው።

በዓሉ የተደረገው ቅዳሜ፣ ከርሊንግ በምንጫወትበት አዳራሽ ነበር። ከርሊንግ ከባድ ድንጋይ በበረዶ ላይ አንሸራቶ በተሰመረ ክብ ውስጥ የማስቆም ጨዋታ ነው፤ ነጥቡ ድንጋዩ ለመሀሉ ለቀረበለት ነው። በካናዳዋ ሳስካችዋን ግዛት ውስጥ እንደ እኛ ባለች ትንሽ ከተማ ሠርጉም የሐዘን ምሳውም እዚያው ነው። ኦርቪል ብርጭቆውን ይዞ ተነሣና ሚስቱን ዊልማን ማመስገን ጀመረ። ዊልማ የቡድናችን መሪ ናት፤ ድንጋዩ በበረዶው ላይ እየተንሸራተተ ሲሄድ እንዲርቅልን ከፊቱ በረዶውን በመጥረጊያ እንድንጠርግ ወይም እንድንተው የምታዝዘን እሷ ናት።

«አልጋ ላይም ያው ናት» አለ ኦርቪል። «መጀመሪያ ቀስ ብለህ ልቀቀው ትላለች። ከዚያ ጥረግ፣ ጥረግ። ደሞ ወዲያው ተወው፣ በዛ ትላለች። እኔ እንደሆን በስልሳ ስድስት ዓመቴ መሀሉን አላልምም፤ ክቡ ውስጥ ከገባ ይቆጠርልኝ።»

ሰው በሳቅ ሞተ። ፓስተሩ ሳህኑን ይመረምር ጀመር። ዊልማ ግን ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበረች፤ ከሳቁት ግማሾቹ የድሮ ተማሪዎቿ ናቸው። የኦርቪል ትራስ ምድር ቤት ወርዶ የአጋዘን ሥጋ ከሞላው ማቀዝቀዣ አጠገብ ተቀመጠ።

ማክሰኞ እኔ ዘንድ መጣ። ወገቡ እንደተያዘ፣ ማቀዝቀዣው ከሱ ብሶ እንደሚያንኮራፋ፣ ከሁሉ የከፋው ግን ዊልማ አንዲት ቃል አለማናገሯ እንደሆነ ነገረኝ። አስታርቂኝ አለኝ። በሰው አልጋ ጉዳይ እንደማልገባ ነግሬው ሾርባ አቀረብኩለት።

እሑድ ከሰዓት የከተማችን የከርሊንግ ውድድር ፍጻሜ ነበር። ባለቤቴ ሃርላን ካረፈ ወዲህ ቡድናችን የሚጫወተው በሦስት ሰው ነው። ደንቡ ይፈቅዳል፤ አራተኛ ፈልጉ ያለንም የለም። ያን ዕለት ዊልማ ለኦርቪል የምታስተላልፈውን ትእዛዝ ሁሉ በእኔ በኩል አደረገችው። «ኤድና፣ ሰውየውን ጥረግ በይው» እያለች ከወዲያኛው ጫፍ ትጣራለች። እኔም ክንዴን ሊነካ ለቀረበው ሰው «ጥረግ ተብለሃል» እላለሁ። መልእክቱ እስኪደርስ ሁለት ድንጋይ አመለጠን። እንደዚያም ሆኖ እኩል ለእኩል ደረስን፤ የመጨረሻው ድንጋይ የዊልማ ሆነ።

ለቀቀችው። ጉልበት ያነሰው መሰለ። ያኔ ኩርፊያዋን ረሳችው።

«ኦርቪል፣ ጠንከር አድርገው! እንዳታቆም! እንደሱ፣ እንደሱ፣ ኧረ በርታ!»

አዳራሹ የሳምንቱን ሳቅ በአንድ ጊዜ ዘረገፈው። ኦርቪል ፊቱ ቲማቲም መስሎ፣ ቀና ሳይል ጠረገ። ድንጋዩ ክቡ መሀል ላይ ደርሶ ቆመ። ዋንጫው የእኛ ነበር። ተጋጣሚዎቻችን ሊጨብጡን እጃቸውን ሲዘረጉ ኦርቪል እያለከለከ፣ መጥረጊያው ድንጋዩን እንደነካበት ተናገረ።

ማንም አላየም። እኔ አጠገቡ ሆኜ አላየሁም። እኛ ዘንድ ግን ዳኛ የለም፤ የነካ ሰው ራሱ ይናገራል፣ የተነካው ድንጋይም ይነሣል። ድንጋያችን ሲነሣ ለመሀሉ የሚቀርበው የእነሱ ሆኖ ተገኘ። ተሸነፍን።

ከጨዋታ በኋላ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፤ ጋባዡ አሸናፊው ነው። ኦርቪል ዋንጫ ከመሪዋ እጅ አስጥሎ ወደ መኝታ ቤቱ መመለሻ እንደሌለው ገብቶታል፤ ቢራውን እያየ ተቀምጧል። ዊልማ ደግሞ እሱን ታያለች። ብዙ ቆይታ ተነሣች።

«እሱ ማንም ያላየውን ከተናገረ እኔም ልናገር» አለች፣ ተማሪ በምታሰልፍበት ድምጿ። «ቅዳሜ ዕለት ያወራው እውነት ነው። አንዱ ብቻ ውሸት ነው። ተወው ብዬው አላውቅም።»

ከዚያ ኮቷን እንዲያመጣላት አዘዘችው። ገና ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ነበር። ኦርቪል ወገቡን የታመመ ሰው በማይሮጠው አሯሯጥ ሄደ፤ የራሱን ኮት ግን እዚያው ረስቶት ወጣ።

እኔ ከአሸናፊዎቹ ጋር ቀረሁ። መሪያቸው ዋሲል ሁለተኛውን ቢራ ሲጨርስ ድፍረት አገኘና፣ ሃርላንስ በዚያ በኩል እንዴት ነበር ብሎ ጠየቀኝ።

«ጎበዝ ተጫዋች ነበር» አልኩት፤ ሌላ ቢራ እንዲያዝዝልኝም ነገርኩት።