ቅቤ ጨምሪበት

...ሦስተኛዋ ማንኪያማ ከንፈሯንም አልነካች፣ አፏን ግጥም አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ስሟ ፋሲካ ሥራዋ ጾም፣ እናቷ የትነበርሽ በራሷ ቀልድ ልትስቅ ትልና ሰዓቱን ታያለች፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗላ፣ አማቷ እማማ እናኑ ከዳባት ተሳፍረዋል፣ ቢዘገዩ ቢዘገዩ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይቺን በር ያንኳኳሉ፣ ገንፎው ደግሞ እንደተሠራ ቁጭ ብሏል። ብዪ የኔ እናት። ይቺ የአባባ፣ ይቺ የኩልሱም፣ ይቺ የእማማ እናኑ፣ አይ፣ የእሳቸውንስ ተዪው። እሺ አንዴ ብቻ፣ ምላስሽን ብቻ አስነኪልኝ። ታስነካለች። ፊቷ ጭምድድ ይላል፣ ትተፋለች፣ ከዚያ እንደ ልማዷ ምላሷን አውጥታ በመዳፏ ትጠርጋለች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ መዳፏን በቀሚሷ ታብሳለች፣ ቀና ብላም እናቷን ታያለች። አስተያየቷ። ገና ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ እንዲህ ማየትን ከማን ተማረችው።

ትናንት ጠዋት ነው የደወሉት፣ ምነው ልጄ፣ ያቺ ሸጋ ልጅ መነመነች ይሉኛል፣ እኔ እያለሁ ምነው፣ ላሚቱ ወልዳለች፣ እስከ ሰኔ እኔ ዘንድ ትቆይና ነፍስ ትዝራ፣ ነገ መጥቼ እወስዳታለሁ፣ ጌትነትም ይሁን ብሎኛል። ይሁን ብሎኛል! አባት ተብዬው አዲ አርቃይ መንገድ ሥራ ላይ ሆኖ፣ ልጁን በስልክ እያየ፣ ይሁን ይላል፣ ደውላ ስትጮኽበትም ኧረ የትዬ፣ ለጊዜው እኮ ነው። ለጊዜው። የትነበርሽንስ በልጅነቷ አክስቷ ዘንድ የላኳት ለጊዜው አልነበር፣ እናቷ ታማ፣ እስኪሻላት ተብሎ፣ ስድስት ዓመት፣ ተመልሳ ስትመጣ የገዛ እናቷን አንቱ አለቻት፣ እንደምን አደሩ አለቻት፣ የእናቷ ፊት ያኔ ምን እንደመሰለ ዛሬም አይጠፋትም፣ አንቺ ለማለት ሌላ ሁለት ዓመት ፈጀባት። ፋሲካ አንቱ ትበለኝ? አልችልም። በቃ አልችልም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሚዛኑን ሁለቴ ነው ያየችው። ዘጠኝ ኪሎ ከሁለት የነበረችው ስምንት ከሰባት፣ ክፉ በሽታ የለባትም፣ ምግብ ብቻ ነው፣ ቅቤ ጨምሪበት፣ የምትሰጫት ነገር ሁሉ ላይ ቅቤ ጨምሪበት። ጨመረች። ገንፎው ላይ፣ እንቁላሉ ላይ፣ ድንቹ ላይ፣ ሽሮው ላይ፣ አንድ ማንኪያ የነበረው ሁለት ሆነ፣ ሁለት የነበረው ሦስት፣ ቅቤው የራሳቸው የእማማ እናኑ ነው፣ የቅበላ ዕለት ከዳባት የላኩት፣ ንጥር፣ ኮረሪማው ገና ከበሩ የሚያውድ፣ ይሄን የምትጠላ ልጅ ከየት መጣች፣ ቅቤው በጨመረ ቁጥር እንቢታዋ ይጨምራል። ጥርስ ነው ተባለ፣ ጥርሱ ወጣ። ትል ነው ተባለ፣ መድኃኒቱን ጠጣች። ዓይን በልቷት ነው ያሉም አሉ፣ ሚኒባስ ውስጥ ጉንጯን የነካቻት ሴትዮ፣ አሁን ያቺን ሴትዮ ምን ብላ ትፈልጋት። ስልኳ ላይ ደግሞ ልጅዎን እንዲበላ አያስገድዱ ይላል፣ የጻፈው ሰው አማት የለውም። ወይስ ጡቱ ነው፣ ጡት ያስጣለቻት ጥር ውስጥ ነው፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ከዚያ ወዲህ ነው መብሉ የቀነሰው፣ ከሁዳዴ ወዲህማ ጭራሽ ባሰ፣ ተቀይማኛለች፣ ልጅ አይቀየምም ያለው ማን ነው።

ለዚህ ነው ስለቱን የገባችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ነፍሰ ጡር ነሽ አጥቢ ነሽ ብለው መምሬ ዋኘው ፈቅደውላት ስትበላ ከርማ፣ ዘንድሮ ግን በሁዳዴ መግቢያ ሰኞ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማ፣ ልጄ ትብላልኝ እንጂ እኔ እስከ ትንሣኤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ውኃ አልቀምስም፣ የፍስክ ነገር በአፌ አይዞርም አለች፣ ለሰው አልተናገረችም፣ ለእሱ ነው የተናገረችው። አምስት ሳምንት ሆነው። ማማሰያው የብቻ፣ ድስቱ የብቻ፣ የቅቤው ማሰሮ የብቻ፣ ገንፎው ጣቷ ላይ ጠብ ቢል እንኳ አትልሰውም፣ ሮጣ ትታጠባለች፣ ጨዉን በዓይኗ ትለካለች፣ ሳትቀምስ በግምት ታበስላለች፣ እንደ እናቷ፣ እንደ አክስቷ፣ እንደ አገሩ ሴት ሁሉ። እኔ ልጹም አንቺ ብዪ ነበር ውሉ። ውሉን የጠበቀው አንዱ ወገን ብቻ ነው። ይቅር በለኝ፣ እንዲህ አይባልም።

በሩ ገፋ ይላል፣ ኩልሱም ናት፣ የግቢው ጎረቤቷ፣ በረንዳው ላይ ልብስ የምትሰፋው፣ የትነበርሽ ዩኒቨርሲቲው ማራኪ ግቢ፣ ቤተ መጻሕፍት ሥራዋ ላይ ስትውል ፋሲካን የምትይዝላት፣ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ አሁንም እንቢ አለች? አለች። ወላሂ ይቺ ልጅ ታስቀኛለች፣ እኔ ዘንድ ደረቅ ዳቦ ስትቆረጥም ነው የምትውለው፣ ትናንት ደግሞ ድንች ቀቅዬ በጨው ሰጠኋት፣ ሁለት ፍሬ እምሽክ አደረገች። ድንች! የትነበርሽ ደሟ ይፈላል፣ ቅናት ነው፣ አዎ ቅናት ነው፣ እኔ ድንቹን በቅቤ ለውሼ ስሰጣት ፊቴ ላይ ትተፋዋለች፣ ከሰው እጅ በጨው ትበላለች፣ ስለዚህ የጠላችው እጄን ነው፣ እኔን ነው፣ እማማ እናኑ ይሄን ቢሰሙ ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ነው ይዘዋት የሚሄዱት። አንቺ ግን ቀምሰሽዋል? ትላለች ኩልሱም። እንዴት አድርጌ፣ ጾም ነኝ እኮ። እኔም እስካለፈው ሳምንት፣ እስከ ኢድ ጾም ነበርኩ፣ እንግዲያ የዚችን ልጅ ምግብ በዚህ ግቢ የቀመሰ ሰው የለማ! ቆይ ደንበኛዬ ቆማ ነው፣ ላስረክባትና መጥቼ እቀምስልሻለሁ። ትወጣለች።

የቀመሰ ሰው የለም። ጨው በዝቶ ይሆን፣ ጨውማ የኩልሱም ድንችም ላይ አለ፣ የእሷን ድንች ትበላለች የኔን አትበላም፣ የኔ ድንች ከእሷ ድንች በምን ይለያል፣ በቅቤ፣ ቅቤው ደግሞ ሽታው ሸጋ ነው፣ በየቀኑ እያሸተትኩ ምራቄን የምውጠው እኔ አይደለሁም እንዴ፣ ፋሲካ መሬት ላይ ተቀምጣ የቅድሙን ገና ከምላሷ አላስለቀቀችም፣ በመዳፏ ትጠርጋለች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ቀሚሷ ላይ፣ ቀና ብላ ታያታለች፣ ይሄን አስተያየት ታውቀዋለች፣ የትነበርሽ ታውቀዋለች፣ ከማንም አልተማረችውም፣ ጥር ላይ ነው፣ እዚሁ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ልጅቱ ጡቷን ጎርሳ፣ ወዲያው ለቃ፣ ምላሷን በመዳፏ ስትጠርግ፣ ምን አደረግሽው ብላ ስታያት፣ እሬት። ጡቷን እሬት ቀብታ ነበር፣ እናት ሁሉ ጡት ስታስጥል እንደምታደርገው፣ ቅጠሉን ከአጥሩ ሥር ቆርጣ፣ የሚንጠባጠበውን አጠራቅማ፣ ሰው የሚጠጣበትን ብርጭቆ አላስነካም ብላ፣ ሳምንት ሙሉ ያስቀመጠችው በ... በምን ነበር። በምን ነበር ያስቀመጠችው።

ማሰሮዋ መደርደሪያው ላይ ናት፣ ትንሿ፣ ጆሮዋ የተሸረፈ። በአመድ አጥባታለች፣ በፈላ ውኃ አጥባታለች፣ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ደፍታታለች፣ ከዚያ የቅበላ ዕለት የፍስኩን ዕቃ ከጾሙ ስትለይ ለቅቤው የተረፈችው እሷ ብቻ ነበረች፣ ሸክላ ደግሞ የጠጣውን አይለቅም፣ ይሄን ያላወቀች ሴት ባለሙያ ትባላለች? አይሆንም፣ አምስት ሳምንት፣ አይሆንም፣ ኩልሱም ትምጣና ትቅመሰው፣ የስፌት መኪናው ይንኳኳል፣ ደንበኛዋ እጅጌው ይጥበብልኝ ትላለች፣ ኩልሱም አትመጣም፣ ስለቱስ፣ እስከ ትንሣኤ ብያለሁ፣ በአፌ አይዞርም ብያለሁ፣ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው፣ ስለቴን አፍርሼ ልጅቱ አንድ ነገር ብትሆንስ፣ አንድ ነገር እየሆነች አይደል እንዴ፣ ዓይኔ እያየ፣ እኔ ቆሜ እየጸለይኩ እሷ ስትራብ፣ ጣቷ ማሰሮዋ ውስጥ ገብቷል፣ መቼ ገባ፣ ምላሷ ላይ ነው።

መራራ።

ኮረሪማው ቀድሞ ይመጣል፣ ቅቤው ይከተላል፣ ከዚያ ከሥር፣ ከጉሮሮ ጥግ፣ እሬቱ ብቅ ይላል፣ ብትውጠው አይሄድ ብትተፋው አይሄድ፣ ይሄን ነው በቀን ሦስት ጊዜ፣ ብዪ የኔ እናት፣ ይቺ የአባባ፣ እጇን ጠፍንጋ ያጎረሰቻት ቀን አለ፣ አንድ ቀንስ መታ አድርጋታለች፣ ማንኪያውን ወረወረችብኝ ብላ፣ ያን መዓት አልበላም ያለውን አፍ እንቢተኛ ብላ፣ ቅቤ ጨምሪበት፣ ጨመረች፣ በገዛ እጇ፣ ሦስት ማንኪያ። ልጄ እውነቷን ነበር። አምስት ሳምንት ሙሉ እየነገረችኝ ነበር፣ በመዳፏ፣ በዓይኗ፣ በምትችለው ሁሉ። እንባዋ ይመጣል፣ ታፍራለች፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ፊት አንገቷን ትደፋለች። ምሬቱ አይለቃትም። ምላሷን አውጥታ በመዳፏ ትጠርጋለች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ መዳፏን በቀሚሷ።

ፋሲካ ትስቃለች። ከልቧ ነው የምትስቀው፣ ያቺን ሳቅ የትነበርሽ ከመቼ ጀምሮ እንዳልሰማቻት አታስታውስም። ትነሣለች፣ አልጋው ሥር ትገባለች፣ የኩልሱምን ዳቦ ይዛ ትወጣለች፣ ደብቃው ነበር፣ ይቺ ሌባ፣ ቁራሽ ገምጣ ከአፏ ታወጣና የእናቷ ከንፈር ላይ ትደግነዋለች። ብዪ። ይቺ ያባባ። ገና ሦስት ሰዓት እንኳ አልሞላም፣ ዘጠኝ ሰዓት ሩቅ ነው፣ አምስት ሳምንት ሙሉ ይቺ ልጅ እናቷ አብራት ስትበላ መቼ አየች፣ ማንኪያ ይዞ የሚያሳድዳት ሰው ብቻ ነው የምታየው፣ ብዪ እማ፣ ብዪ፣ ጌታዬ አንተ ታውቃለህ፣ ውሉን እንደገና እንዋዋላለን፣ አፏን ትከፍታለች። ዳቦው ደረቅ ነው፣ በምራቅ ርሷል፣ ከእሬቱ ጋር ይላወሳል። ፋሲካ የሚቀጥለውን ለራሷ ትጎርሳለች፣ ቀጥሎ ለእማ፣ ቀጥሎ ለራሷ፣ ተራ አታዛባም።

ስልኩ ይጮኻል፣ እማማ እናኑ ናቸው፣ ከበስተኋላቸው የመኪናው ጡሩምባ፣ አምባ ጊዮርጊስን አለፍን ልጄ፣ ልብሷን ሰብሰብ ሰብሰብ አድርጊልኝ፣ ለመሆኑ ዛሬስ እህል ቀምሳለች፣ በላች ወይ? የትነበርሽ አፏ ሙሉ ነው፣ ሌላ ቁራሽ ደግሞ ከንፈሯ ላይ ተደግኗል፣ ኧረ በላች ወይ? ትውጣለች። እየበላን ነው፣ እማማ።