ለታላቅ የሚነሳው ዳሌ

ዳሌዬ ውስጥ የገባው ብረት ለታላቅ ይነሳል። እኔ መነሳት አልፈልግም፤ ሐኪሙም ከልክሎኛል። እሱ ግን በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው በበር በገባ ቁጥር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እኔም አብሬው እቆማለሁ።

መነሳቱ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ከተነሳ በኋላ እጅ ይነሳል። እንግዳው «በግዜር» እስኪለው ድረስ ዝቅ፣ ዝቅ ይላል። ዳሌው ተቀይሮ ገና ያልጠናለት ሰው ከሁሉም በላይ የተከለከለው ደግሞ ጎንበስ ማለት ነው።

ደብሪቱ እባላለሁ። ደሴ ውስጥ መኪና መንዳት አስተምራለሁ። የማሰልጠኛ መኪና ሁለት ፍሬን አለው፤ አንዱ ተማሪው ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ። እስከ ዛሬ ሰው ያተረፈው እኔ ጋ ያለው ነው። እሱን የምረግጠው በቀኝ እግሬ ነው፤ መታጠቢያ ቤት አዳልጦኝ የተሰበረውም የቀኝ ዳሌዬ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ የለኝም፤ ፍሬኔን መልሼ መርገጥ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ የወለቀው በጎረቤቴ በእማማ ጥሩነሽ ምክንያት ነው። ያኔ ክራንቹን ትቼ በከዘራ መሄድ ጀምሬ ነበር፤ ልጄ ኤፍራታ «እማዬ፣ ልትሮጪ ነው እንዴ?» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። እማማ ጥሩነሽ ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ ገቡ። ብረቱ ተነሳ።

«ኖር» አልኩ።

ጆሯቸው ከባድ ነው፤ አልሰሙኝም። ጀርባቸውን ሰጥተው ብርቱካኑን የሚያስቀምጡበት ቦታ ይፈልጉ ነበር። ብረቱ ጎነበሰ፣ ጠበቀ፣ ይበልጥ ጎነበሰ፣ ወለቀ። ድምፁን ኤፍራታ ማድ ቤት ሆና ሰምታዋለች።

«ምን ወደቀ?» አለች።

«እኔ» አልኩ።

ሆስፒታል ተመለስኩ። ዶክተር ልዑል ራጁን የሚበራው ሰሌዳ ላይ ሰቅሎ አየው።

«ጨዋ ነው» አለ።

«ማን?»

«ብረቱ።»

«ከውጭ የመጣ ዕቃ አይደለም እንዴ? ኖር ማለትን ማን አስተማረው?»

«ሲገባ ምንም አያውቅም። የሚማረው ከገባበት ሰው ነው» አለና መብራቱን አጠፋ። «ደግሞ ከወለቀ እንደገና መክፈት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ፍሬኑ ቃል አልገባልዎትም።»

ንዴቱ የጀመረኝ እዚያ ላይ ነው። እኔስ ከማን ተማርኩ? ከአባቴ ቤት ነዋ። ጉርሻ በአፌ ይዤ ተነስቻለሁ፤ እያተኮሰኝ ተነስቻለሁ፤ ሆዴ ጉልበቴን እስኪነካ አርግዤ ተነስቻለሁ። «ይቺ ልጅ ደክሟታል» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ጨዋ ልጅ፣ የጨዋ ልጅ ይሉኝ ነበር፤ እኔ ሞኟም ደስ ይለኝ ነበር።

ሁሉም ነገር ከዜሮ ተጀመረ። በከዘራ የተመላለስኩበትን ሳሎን ዎከር የሚሉት ባለ አራት እግር መደገፊያ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ኤፍራታ ከኋላ ቀሚሴን ይዛኝ፣ እንደ ሕፃን ዳዴ አልኩበት። አለቀስኩ፤ ከሐዘን ሳይሆን ከብስጭት። ትራሴን ግድግዳው ላይ ወረወርኩት። ከዚያ አንሺልኝ ብዬ ኤፍራታን መጥራት ግድ ሆነብኝና የባሰ ተናደድኩ።

ኤፍራታ በሩ ላይ ወንበር አድርጋ ተቀመጠች። ታናሾቼን ታስገባለች፤ ታላቆቼን ይቅርታ ጠይቃ ትመልሳለች። ሥራው ቀላል አልነበረም። ወይዘሮ ጽጌ ዕድሜ ልኳን እኩያሽ ነኝ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት፤ ኤፍራታም በዚሁ አምና አስገባቻት። ገና እግሯ ደፉን ሳያልፍ ብረቱ ዘለለ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አየ። ጽጌ ደንግጣ «በግዜር፣ በግዜር» አለች፤ ብረቱም አስቀመጠኝ። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ድረሴ ግን ከበር የሚመለሱ ሰው አይደሉም። እሳቸው ሰው ሲነሳላቸው ማየት ይወዳሉ። ሌላው ሰው ገና ከመቀመጫችሁ ስትነቃነቁ «በግዜር፣ አትነሱ» ብሎ ትከሻችሁን ይይዛል፤ ደንቡም ይኸው ነው። ጋሽ ድረሴ ግን ቆማችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ዝም ብለው ያያሉ። «በግዜር» የሚሉት ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ይረሱታል።

«ለእኔ ነው በር የሚዘጋው?» ሲሉ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ እማዬ እንዳትነሳ ነው። እዚሁ ሆነው ይጠይቋት» አለች ኤፍራታ።

«ማን ተነሺ አላት?»

ገቡ። ብረቱ ቆመ። ዎከሩን በሁለት እጄ ጨበጥኩ።

«ጋሼ፣ በግዜር ይበሉ» አልኩ።

በሩ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ይወልቃል! ይበሉ እንጂ!»

«ሰላምታው ይቅደም» አሉ።

ብረቱ መጎንበስ ጀመረ። እኔም ተናደድኩ። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። እየተናደድኩ አረጀሁ። መጀመሪያ የእጄ ቆዳ ተሸበሸበ። ቀጥሎ ፀጉሬ ከሥሩ ነጣ። ሳልጨርስ ስለተነሳሁበት ምሳ ሁሉ ተናደድኩ፤ ዓመታት ሄዱ። በእርግዝናዬ ስለተነሳሁት ተናደድኩ፤ ሌሎች ዓመታት ሄዱ። ሁለት ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ወደቁ፤ ተፋኋቸው። ጋሽ ድረሴን በዕድሜ አለፍኳቸው። ብረቱ አጋማሽ ላይ ቆም አለ፣ ትንሽ አሰበ፣ ቀና አለ፣ አስቀመጠኝ።

ጋሽ ድረሴ ኮፍያውን አወለቀ። ጎነበሰ።

«እንደምን ዋሉ እማማ» አለኝ።

ዝም ብዬ አየሁት። የበለጠ ጎነበሰ። ወገቡ ሲንቋቋ ይሰማኛል።

«እማዬ፣ በቃው» አለች ኤፍራታ።

«ገና ነው» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ማገገሜ ያለ እንከን ሄደ። ከተማው ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ስለሌለ ብረቱ ለማንም አይነሳም። ዶክተር ልዑል ራጁን አይቶ «ዳሌዎ እንደ ወጣት ነው፤ የቀረውን አላውቅም» አለ። ኤፍራታ ታዝንብኛለች። ፀጉሬን ስታበጥር ማበጠሪያውን ቀስ አድርጋ ነው የምትስበው።

«ያን ሁሉ ዓመት ለእሱ ብለሽ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ለፍሬኑ ብዬ» አልኩ። ዓመታቱ የእኔ ነበሩ፤ ማንም ሊመልስልኝ አይችልም።

ወደ መኪናዬ ተመለስኩ። በዚህ ዕድሜ ማን ፈቀደልሽ ብሎ ሊጠይቀኝ የደፈረ ትራፊክ የለም፤ ሁሉም ኮፍያውን አንስቶ ያሳልፈኛል። አዲሷ ተማሪዬ ሃያት የምትባል የሂሳብ መምህርት ናት። መሪ ጥሩ ትይዛለች፤ ቁልቁለት ብቻ ትፈራለች። ስለዚህ ወደ ገበያው የሚወርደውን ቁልቁለት እንድትሞክረው አደረግኩ።

«እማማ፣ ፈጠንኩ መሰለኝ።»

«አትፍሪ። ፍሬኑ እኔ ጋ ነው።»

ከፊታችን ያለው መንገድ ባዶ ነበር። ቀኝ እግሬን ፍሬኑ ላይ አደረግኩ። እግሬ ተነሳ።

«ማን መጣ?» አለች ሃያት።

ማንም አልመጣም። እግሬን በሁለት እጄ ወደ ታች ገፋሁት። ሰደብኩት። ባለኝ ንዴት ሁሉ ተናደድኩ፤ ፀጉሬ ጭኔ ላይ መርገፍ ጀመረ፤ የቀሩት ጥርሶቼ ተነቃነቁ፤ ግን ብረቱ የተነሳለትን በዕድሜ አልደረስኩበትም።

በመንገዱ ግራና ቀኝ የተቀመጡት ሰዎች መነሳት ጀመሩ። ሽንኩርት የምትሸጠዋ ሴት ተነሳች። ሊስትሮው ብሩሹን እንደያዘ፣ ደንበኛውም አንድ ጫማው ሳይጠረግ ተነሱ። አስፋልቱ ዳር የተኙት ውሾች ተነስተው ጭራቸውን ዝቅ አደረጉ። ሁሉም የሚያዩት ባዶውን መንገድ ነበር። ወደ እኛ ያየ አልነበረም።

ሃያትም ልትነሳ መሪውን ለቀቀችና ቀበቶዋን ፈታች።