የእትዬ አስካለ ኢሜይል ለምን አልከፍት አለ

እኔ ስታመም መሥሪያ ቤቱ ይበላሻል። ጉራ ነው የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። ታይፎይድ ጥሎኝ ኮልፌ 18 ማዞሪያ ቤቴ ተኝቼ ሰነበትኩና፣ ሐሙስ ጠዋት ቤቴል ወዳለው ቢሮ ስመለስ ገና ጃንጥላዬን ሳላጥፍ እትዬ አስካለማርያም ክፍሌ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ብሩኬ፣ እግዜር ይማርህ። ተሻለህ?»

«ደህና ነኝ እትዬ አስካለ። ምነው በጠዋቱ?»

«ኢሜይሌ አልከፍት አለኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ቆይ እስቲ ሻይ ልጠጣ» ብዬ እመልሰው ነበር። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ጭራሽ። እትዬ አስካለን ግን መመለስ አልችልም። ኢሜይል ለእሳቸው ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

መሥሪያ ቤታችን የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ነው። እሳቸው መዝገብ ቤት ይሠራሉ፤ እኔና ቀዳማዊ ደግሞ ኮምፒውተሩንና ኔትወርኩን እንይዛለን። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው፣ ሰይፈሥላሴ። የጭነት መርከብ ላይ የሞተር መካኒክ ነው። መርከቡ ባሕር መሃል ሲሆን ስልክ አይሠራለትም፤ ያለው ኢሜይል ብቻ ነው። የእናትየው ስልክ ደግሞ ያችው የድሮዋ ባለ ቁልፍ ናት። «መዳሰስ ለእኔ አይሆንልኝም» ብለው ቀርተዋል። ስለዚህ ልጁ የሚጽፍላቸው በመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ነው፤ እሱም የሚከፈተው ቢሮ ውስጥ ብቻ ነው፣ ከውጭ አይከፈትም። ማክሰኞ ማክሰኞ ይጽፋል። «እማ ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ ገደለኝ፣ ሽሮ አማረኝ።» ከዚህ አያልፍም። እሳቸው ይህችን አንብበው ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሏቸው ይውላሉ። በአማርኛ መጻፍ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ በአንድ ጣት፣ ፊደሏን ፈልገው፣ አንዷን መልስ ግማሽ ቀን ይጽፏታል።

«ለቀዳማዊ አልነገሩትም?»

«ነገርኩት። ኔትወርክ ነው አለኝ።»

በዚህ ከተማ ሥራ የጠላ ሁሉ ኔትወርክ ነው ይላል። ባለሙያ እንዲህ ሲል ግን ደሜ ይፈላል። ቦርሳዬን ወርውሬ ተከተልኳቸው።

መዝገብ ቤቱ እርጥበት እርጥበት ይላል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ኮምፒውተራቸው ላይ የኢሜይሉን ገጽ ስከፍት ይዞራል፣ ይዞራል፣ በመጨረሻ «አልተገኘም» ይላል። ሌላ ድረ ገጽ ሞከርኩ፤ ወዲያው ተከፈተ። ስሠራ ያገኘሁትን ጮክ ብዬ መናገር ልማዴ ነው።

«መስመሩ ደህና ነው» አልኩ።

ገመዱን ቀየርኩ፣ ብራውዘሩን ቀየርኩ፣ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ። «ኮምፒውተሩም ደህና ነው።» ላፕቶፔን አምጥቼ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና የራሴን ኢሜይል ከፈትኩ። ተከፈተ።

«ሰርቨሩም ደህና ነው። የሁሉም ሰው ይከፈታል። የእርስዎ ብቻ ነው እምቢ ያለው።»

«የእኔ ብቻ?»

«የእርስዎ ብቻ።»

እንግዲህ በሌላ ኮምፒውተር ይሠራ እንደሆነ ልይ ብዬ ወደ ጸሐፊያችን ወደ ዙቤዳ ሄድኩ። ዙቤዳ ማለት ምሳዋን ከአፏ አውጥታ የምትሰጥ ልጅ ናት። እትዬ አስካለም ከኋላዬ መጡ።

«ዙቤዳ፣ ለአንድ ደቂቃ አንቺ ጋ ኢሜይላቸውን ይዩ።»

«አይሆንም።» ቀናም አላለች። «አጣዳፊ ሥራ ይዣለሁ።»

ስክሪኗ ላይ ያለው ባዶ ገጽ ነበር። «ምን ነካሽ አንቺ ዛሬ?» አልኳት። ኮምፒውተሯን ቆለፈችና ተነሥታ ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ጉንፋን ነው ብዬ አለፍኩት።

በላፕቶፔ ኢሜይላቸውን ላሳያቸው እችል ነበር፤ ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ግን እልህ ያዘኝ። ብልሽቱን ሳላገኝ ዙሪያውን ዞሬ ማለፍ አልወድም። መዝገብ ቤት ተመልሰን ተቀመጥንና ፋየርዎሉ ውስጥ ገባሁ። ፋየርዎል የኔትወርኩ ዘበኛ ነው፤ ማን ይለፍ፣ ማን ይከልከል የሚሉ ትእዛዞች በተራ ተጽፈውለታል። ከላይ ወደ ታች ያያል፣ መጀመሪያ የገጠመውን ይፈጽማል። እኔ የማውቃቸው ትእዛዞች ሁሉ በቦታቸው አሉ። ከሁሉም በላይ ግን አንድ የማላውቀው ተቀምጧል፤ ከእትዬ አስካለ ኮምፒውተር ወደ ኢሜይል ሰርቨሩ፣ ክልክል። ማክሰኞ ጠዋት፣ በቀዳማዊ ስም።

«አገኘሁት» አልኩ። «ብልሽት አይደለም እትዬ አስካለ። ሰው ነው የዘጋብዎት። ቀዳማዊ ነው፣ ሆነ ብሎ። ቆይ ብቻ፣ አሁን አሳየዋለሁ።»

እዚያው አጥፍቼው መገላገል ስችል፣ እሱን መጀመሪያ ካልሰደብኩት አይበርድልኝም ብዬ ተነሣሁ። የእትዬ አስካለን ፊት አላየሁም። ስናደድ ከበሩ ሌላ አይታየኝም።

ቀዳማዊን ያገኘሁት መጋዘን ውስጥ ነው።

«አንተ፣ ምን አድርገውህ ነው እኚህን ሴትዮ የምትዘጋባቸው? ልጃቸው የሚጽፍላቸውን እንዳያዩ?»

«ድምፅህን ቀንስ።»

«አልቀንስም።»

ክንዴን ይዞ ከሲሚንቶው ክምር ጀርባ ጎተተኝ። «ሰይፈሥላሴ ሞቷል» አለኝ።

ያሰብኩት ስድብ ሁሉ ጠፋብኝ። ቀዳማዊ እየቆራረጠ ነገረኝ። ማክሰኞ ማለዳ የመርከቡ ወኪል ደወለ፤ ልጁ ለድንገተኛ ብሎ የሰጠው ስልክ የመሥሪያ ቤቱን ነበር። ዙቤዳ አነሣችው። ሞተር ክፍሉ በእሳት ተያይዞ ነው፣ ሁለት ሰው አልወጣም። ለእናቱም ኢሜይል ልከናል አሏት። እትዬ አስካለ ገና ከቀራንዮ ታክሲ ላይ ናቸው። ዙቤዳ እያለቀሰች ቀዳማዊ ጋ ሮጠች፤ እሱም ሴትዮዋ ቢሮ ሳይደርሱ ፋየርዎሉን ዘጋ። ደጀን ላሉት ወንድማቸው ለሀብተማርያም ተደወለ። «እኔ ሳልደርስ እንዳትሰማ፣ እሁድ ሊነጋጋ ሲል ከንስሐ አባቷና ከጎረቤት ጋር ሆነን እናረዳታለን» አሉ። እስከዚያ የቢሮው ሰው ሁሉ ወንበሩን እንዲጠብቅ፣ ማንም ኮምፒውተሩን እንዳይሰጣቸው ተባባሉ።

«ኢሜይሉን ለምን አላጠፋኸውም ታዲያ?»

«የልጅ ሞት የተጻፈበትን ከእናትየው ሳጥን ገብቼ ልሰርዝ? አልችልም ብሩኬ። መንገዱን ነው የዘጋሁት።»

«ለእኔስ ማን ይንገረኝ?»

«ታመህ ነበር። ደግሞ አፍህን እናውቀዋለን።»

ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ። ባለፈው ዓመት ለእረፍት ሲመጣ ልጁ የቢሮውን ጄኔሬተር ሸሚዙን አውልቆ ሲጠግንልን ታየኝ። በእኛ ዘንድ መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ በስክሪንም አይነገርም። ሰው ሲወድቅ የሚይዘው ሰው አጠገቡ መኖር አለበት። እኔ ይህን ማወቅ አልነበረብኝም ወይ? ይህን ያህል ዓመት ኔትወርክ ስዘጋና ስከፍት፣ አንድ ጊዜ እንኳ «ለምን ተዘጋ?» ብዬ ሳልጮህ አልጠየቅኩም።

ፊቴን በውሃ ታጥቤ ወደ መዝገብ ቤት ተመለስኩ። እትዬ አስካለ እንደተውኳቸው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛቸው ላይ የነበረው ፋይል ሁሉ መደርደሪያው ላይ ገብቷል።

«ምንም አይደለም» አልኩ። «ጥገና ላይ ነው። ይስተካከላል።»

«እሺ» አሉ። «ቀዳማዊ ዘጋው ያልከኝ፣ እስከ መቼ ነው የዘጋው?»

«እስከ ሰኞ ቢሆን ነው።»

«እሁድ ነው በለኛ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

አንገቴን ደፋሁ።

«እኔ እኮ ቀራንዮ ውስጥ በስንቱ ቤት መርዶ ይዤ ገብቻለሁ ብሩኬ። ለጎረቤቴ ለሰርኬ የባሏን ሞት የደበቅኳት እኔ ነኝ። ሰው እንዳይደውልላት ስልክሽን ላሠራልሽ ብዬ ወስጄ፣ ወንድሞቿ እስኪመጡ ትራሴ ሥር አስቀመጥኩት። አንተ መስመሩ ደህና ነው አልክ። ኮምፒውተሩ ደህና ነው አልክ። የሁሉም ይከፈታል አልክ። ዙቤዳ እንኳ ወንበሯን ከለከለችኝ። ሰው ነው የዘጋብዎት አልከኝ። ሌላ ምን ቀረ?»

ማልቀስ ጀመርኩ። ማጽናናት የነበረብኝ እኔ፣ እሳቸው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የነጠላቸውን ጫፍ ሰጡኝ።

«ክፈትልኝ ብልህ ትከፍትልኛለህ?»

«እከፍትልዎታለሁ።» ከልቤ ነው ያልኩት። ቀዳማዊ ይቆጣ፣ ወንድማቸው ይራገመኝ፣ ልጁ የእሳቸው ነው ብዬ። ትእዛዙ አሁንም ላፕቶፔ ላይ ተከፍቶ ነበር። ጣቴን አስጠጋሁ። እትዬ አስካለ ስክሪኑን አዩት፤ ማንበብ የማይችሉት ቁጥርና መስመር ነው። የወንበሩን ክንድ ጥብቅ አድርገው ይዘዋል። ያኔ ነው እኔም የፈራሁት፤ ብከፍተው ማነው የሚይዛቸው?

«ተወው» አሉ።

«እትዬ አስካለ...»

«ተወው አልኩህ። እስካላነበብኩት ድረስ ልጅ አለኝ። እስከ እሁድ ይኑረኝ።»

ላፕቶፑን ከደንኩት።

«ሀብተማርያም ነው የሚመጣው አይደል? እሱ ልቡ ደካማ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ይህን ተሸክሞ መጥቶ፣ በኮምፒውተር አውቃ ጠበቀችው እንዳይባል። ለማንም እንዳትናገር፣ ለቀዳማዊም።» ከዚያ ተነሥተው የመደርደሪያውን አቧራ ይጠርጉ ጀመር።

አርብ ዕለት እንደወትሮው ሥራ ገቡ። ምሳ ከዙቤዳ ጋር በሉ፣ «አንቺ ልጅ ከሳሽ፣ ላጉርስዎ ሳይሆን ልጉረስ በይ» ብለው ሦስት ጊዜ አጎረሷት። ዙቤዳ ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሌ መጥታ «ተመስገን፣ ምንም አልጠረጠሩም» አለችኝ። ቀዳማዊም «ተርፈናል» አለ። እኔ ስክሪን ስክሪኔን አየሁ። እነሱ ከእሳቸው ደበቁ፣ እሳቸው ከእነሱ ደበቁ፣ እኔ መሃል ላይ ሆኜ የማውቀውን ውጬ ዋልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ መዝገብ ቤቱን አልፌ ስሄድ፣ የተዘጋውን የኢሜይል ገጽ ከፍተው ሲዞር ሲዞር ሲያዩ አገኘኋቸው። «አልተገኘም» ሲላቸው በእፎይታ እንደገና ይነኩታል።

እሁድ ገና ሳይነጋ ቀራንዮ ደረስን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ከመድኃኔዓለም የቅዳሴው ድምፅ ይሰማል። የቢሮው ሰዎችና ጎረቤቶች አጥር ሥር ተሰብስበን ቆምን። ሀብተማርያም ከፊት ናቸው፤ ረጅም፣ ጋቢ የደረቡ፣ ሌሊቱን ሙሉ ያለቀሱበት ፊት። ንስሐ አባታቸው በሩን አንኳኩ።

እትዬ አስካለ ራሳቸው ከፈቱ። ቤቱ ተጠርጓል። ሶፋውና ጠረጴዛው ወደ ጓዳ ገብቷል፤ ፍራሽ ግድግዳውን ይዞ ተነጥፏል፣ ለብዙ ሰው። ቀዳማዊ አይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ምነው በሌሊቱ፣ በደህና ነው?» አሉ እትዬ አስካለ።

ሀብተማርያም ወደ ፊት ራመድ አሉ። ንስሐ አባትየው ትከሻቸውን ያዟቸው። «እህቴ» አሉ ሀብተማርያም፣ ከዚያ ቆሙ። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። እትዬ አስካለ ግን ወንድማቸውን ብቻ ነበር የሚያዩት፣ ልጅ ፊደል ሲቆጥር እንደሚጠብቁት።

«አይዞህ ወንድሜ» አሉ። «ተናገር።»

ተናገሩ። ሰይፈሥላሴ አሉ፣ መርከቡ አሉ፣ እሳት አሉ። እየተንተባተቡ ነው፤ አንዱን ሁለት ጊዜ ይሉታል። እትዬ አስካለ ፍንክች ሳይሉ እስከ መጨረሻዋ ቃል አዳመጡ።

ከዚያ ጮኹ። የማስመሰል ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ ጉሮሯቸው ውስጥ የቆየ ጩኸት ነው። «ሰይፉ፣ አንተ ልጅ፣ ሰይፉ» እያሉ ወደ መሬት ሲወርዱ እኔና ዙቤዳ በግራ በቀኝ ያዝናቸው። ከበዱን፣ አብረን ወለሉ ላይ ተቀመጥን።