የአራት ጣት ምልክት

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ታላቅ እህቱ፣ የአባታቸውን እጅጌ እስከ ክርናቸው ሰብስባ።

ፀጉር አስተካካዩ ወደ ሥራ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ነበር። ምን እንዳየች ቀና ሳይል አወቀ። ከክርናቸው ዝቅ ብሎ አራት የጣት ምልክቶች ጠቁረው ተደርድረዋል።

"አባዬ፣ ማን ነው እንዲህ የያዘህ?"

ሽማግሌው እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አገላብጠው አዩት። "በሩ ነው" አሉ።

"በር ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጣት ያበቀለው?"

የመርሳት ሕመም ከያዛቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የሚኖሩት ከፀጉር አስተካካዩ ልጃቸው ጋር ነው። ቀን ቀን አስታማሚ ትጠብቃቸዋለች፤ እሷ ስትሄድ ልጃቸው ይረከባታል። እህትየው ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ስትጠይቃቸው ትውላለች።

"እሷ ናት" አለች እህትየው።

"ማን?"

"ማን ልትሆን ነው? ቀኑን ሙሉ አብራው የምትውለው ማን ናት? እኔ እኮ ያ ዝምታዋ ድሮም አላማረኝም!"

መናገር የነበረበት ይሄኔ ነው። አፉን ከፈተ። "እስቲ ረጋ በይ" ብቻ ብሎ መልሶ ዘጋው።

አስታማሚዋ ያጠበችውን አንሶላ አስጥታ፣ ባዶ ባልዲ ይዛ ገባች። እህትየው ጊዜ አልሰጠቻትም፤ የመጣላትን ሁሉ አወረደችባት።

"እኔ? እኔ እሳቸውን?" አስታማሚዋ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ዞረች። ትናንት ጠዋት ምልክቱን አይታ ጠይቃው ነበር፤ "ተጋጭቶ ይሆናል" ነበር ያላት። "ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሯቸው እንጂ!"

ፀጉር አስተካካዩ የታሰረውን ጫማ ፈትቶ እንደገና አሰረ። "ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው" አለና ወጣ።

መንገዱን ሁሉ ሐሙስ አመሻሹ ላይ የሆነው ከፊቱ አልጠፋ አለው። አባቱ "ቤቴ እሄዳለሁ" እያሉ ሰባት ጊዜ ወደ በሩ ሄዱ፤ ሰባት ጊዜ መለሳቸው። በስምንተኛው ክንዳቸውን ጨምድዶ ይዞ ወንበሩ ላይ ወረወራቸው። አባቱ አልጮኹም። እንደማያውቁት ሰው ቀና ብለው አይተውት፣ "ይቅርታ ጌታዬ፣ ሁለተኛ አልወጣም" አሉት።

ትዳሩን ያፈረሰው ይኸው እጁ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ክርስቶስን ሲያምን፣ በጉባኤው ፊት ቆሞ "ቁጣ ሲያዘኝ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከእንግዲህ ግን አያዘኝም" ብሎ ነበር። አልዋሸም። አራት ዓመት ሙሉ በማንም ላይ እጁን አላነሳም።

ሱቁ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የጸሎት ጓደኛው ቀድሞት ተቀምጧል። ሰፈሩ በሙሉ "ፊውዝ" ነው የሚለው፤ በየስብሰባው መብራት የሚጠፋው እሱ ጸሎት ሲጀምር ስለሆነ። ግማሽ ጢሙ እንደተላጨ እጁን አነሳ።

"ወንድሜ፣ ጆሮዬን ገና እፈልገዋለሁ። ምላጩ ከጢሜ አልፎ ሄደ እኮ። ምን ሆነሃል?"

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠ። በመስታወቱ ውስጥ እንኳ ሊያየው አልደፈረም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ሁሉንም ነገረው። የሐሙሱን፣ የጠዋቱንም።

"ያ ሁሉ ምስክርነት ከንቱ ነበር ማለት ነው" አለ በመጨረሻ። "ነፃ ወጣሁ ያልኩት ራሴን ሳታልል ነው።"

ፊውዝ ፊቱ ላይ የቀረውን አረፋ በፎጣው ጠረገ። "ሐሙስ ዕለት ቁጣው ለአንድ ደቂቃ አዘዘህ። ዛሬ ጠዋትስ፣ ዝም ብለህ ውጣ ያለህ ማን ነው?"

ፀጉር አስተካካዩ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር መጥረግ ጀመረ።

"ማንም ይሁን ማን፣ ጌታህ ግን አይደለም። የመታዘዝ ግዴታ የለብህም። ክርስቶስ የሞተው ላልወደቀው አንተ ብቻ መሰለህ እንዴ?"

"ብነግራት ምን ትለኛለች?"

"ትሰድብሃለች። እህትህን አላውቃትም?" ፊውዝ ተነስቶ በሩን ከፈተለት። "ሂድ።"

"ጢምህስ?"

"በግማሽ ጢም የሞተ ሰው የለም። ሂድ አልኩህ!"

ቤት ሲደርስ እህቱ ለአባታቸው ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰች ነበር። አስታማሚዋ የለችም።

"ሸኘኋት" አለች ሳትጠየቅ።

"እትዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ምኑ?"

"የአባዬ እጅ። ሐሙስ ማታ ተናድጄ... እኔ ነኝ እንደዚያ የያዝኩት።"

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ። "እሷ ላይ ስጮህባት እዚያ ተቀምጠህ እያየህ?"

"አዎ።"

"ጫማህን እያሰርክ!" ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ ጣለችው። "ያ ሁሉ ጸሎት፣ ያ ሁሉ ጉባኤ ለዚህ ነው? አራት ዓመት ሙሉ ሰው ሆነ ብዬ ላወራሁት ልፈር!"

ያ የሚያውቀው ትኩሳት ከደረቱ ተነስቶ አንገቱ ጋ ደረሰ። በሳምንት አንድ ቀን ነው የምትመጪው ሊላት፣ ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ጌታ ሆይ፣ አለ በልቡ፤ ሌላ ቃል አልመጣለትም። ትኩሳቱ አልበረደም፤ ግን አልታዘዘውም።

"ልክ ነሽ" አለ።

ስልኩን አውጥቶ እህቱም እንድትሰማ ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለ። ከአስታማሚዋ ድምፅ ጋር የታክሲ ጥሩምባ ተሰማ።

"እኔ እንደሆንኩ ለእትዬ ነግሬያታለሁ። ትናንት ስትጠይቂኝም ዋሽቼሻለሁ። ይቅር በይኝ።"

"አውቅ ነበር ጋሼ" አለች። "እኔን የቆጨኝ ዓይኔን እንኳ አለማየትዎ ነው።"

"ተመለሽልን።"

"እሱን ላስብበት። እሳቸው ግን ምሳ በሉ?"

እህትየው ስልኩን ተቀብላ የሆነ ነገር ልትል ሞከረች። "እኔም እኮ..." ብላ ቀረች። አስታማሚዋ ደህና ዋሉ ብላ ዘጋችው።

ሽማግሌው ሾርባውን ደረታቸው ላይ አፍስሰውታል። ፀጉር አስተካካዩ እንደ ወትሮው ሊያጥባቸው ተነሳ። እጁን ሲዘረጋላቸው አባቱ ክንዳቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

እጁን መለሰ። ማንነቱን ረስተዋል፤ ክንዳቸው ግን አልረሳውም። ከወንበራቸው ፊት ተንበረከከ፤ እንባው አገጩ ላይ ሲደርስም አልጠረገውም።

"እትዬ" አለ ወደ እህቱ ሳይዞር፣ "ብቻዬን አላጥበውም። መታጠቢያ ቤት አብረሽኝ ግቢ።"